ስሙ ማን ይባላል?

ሕፃን ልጅ በደጅ ሲጫወት ከዚህ ቀደም ያላየውን ፍጥረት ባየ ጊዜ ወደ ወላጆቹ ሮጦ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስሙ ማን ይባላል?» ይላል። እኛም ብዙውን ጊዜ ከያዝነው ሥራ ቀና ሳንል «ትል ነው» ወይም «ወፍ ነው» ብለን እናሰናብተዋለን። ልጁ ግን የጠየቀው ስለ ትል ሁሉ አይደለም። በቅጠሉ ላይ ስላየው፣ ጀርባው ቢጫ፣ እግሩ ጥቍር ስለ ሆነው ስለዚያ ስለ አንዱ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ከመልሳችን የጠለቀ መሆኑን ማመን ይገባናል።

በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተነገረው ለመጀመሪያው ሰው ከተሰጡት ሥራዎች አንዱ ለእንስሳት ስም ማውጣት ነበረ። ይህ ሥራ እስከ ዛሬ አልተፈጸመም። ሊቃውንት እየለዩ በመዝገብ የጻፏቸው የእንስሳት ዝርያዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ በየዓመቱም በሺሕ የሚቈጠሩ አዳዲሶች ይጨመራሉ። ስለዚህ በዚህ ወር ዓምዳችን አዲስ የተገኘ እንስሳ እንዴት እንደሚለይ፣ ስሙም እንዴት እንደሚወጣና ለምን እንደሚጠቅም በገዛ አገራችን ምድር የተገኙትን እንስሳት ምሳሌ እያደረግን ለማስረዳት አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

አስቀድመን «አዲስ» የሚለውን ቃል እንመርምር። አዲስ እንስሳ ተገኘ በተባለ ጊዜ እንስሳው ያን ዕለት ተፈጠረ ማለት አይደለም፤ ሰው ጨርሶ አላወቀውም ማለትም አይደለም። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ መንገደኛ በ1830ዎቹ ዓመታት ወደ ስሜን ተራሮች በወጣ ጊዜ የአገሩ ሰዎች ዋሊያንም ጭላዳንም ከአባቶቻቸው በወረሱት ስም ይጠሯቸው ነበረ። ሩፔልም በ1835 ሁለቱን ለአውሮፓ ሊቃውንት ሲያስታውቅ ይህንኑ የአገሬውን ቃል ተቀብሎ በጽሑፉ አስገባው። ዛሬ በዓለም መዝገብ ዋሊያ «ካፕራ ዋሊ»፣ ጭላዳም «ቴሮፒቴከስ ጌላዳ» ተብለው የሚጠሩት ከዚያ የተነሣ ነው። ልጅ ስም የሚወጣለት ከተወለደ በኋላ እንደ ሆነ ሁሉ እንስሳም በመዝገብ የሚጻፈው አስቀድሞ ኖሮ፣ ብዙ ጊዜም በጎረቤቶቹ ታውቆ ነው። አዲስ የሚባለው መዝገቡ ነው እንጂ ፍጥረቱ አይደለም።

ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበትን የስም አወጣጥ ሥርዓት ያቆመው ካርል ሊኔየስ የተባለ ስዊድናዊ ሊቅ ነው። በ1758 የወጣው የመጽሐፉ 10ኛ እትም የእንስሳት ስም መዝገብ መነሻ ሆኖ ተወስኗል። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ እንስሳ ሁለት ቃል ያለው ስም አለው። የመጀመሪያው ቃል የወገኑ መጠሪያ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እርሱን ከወገኖቹ የሚለየው ነው። በእኛ ልማድ የልጁ ስም ቀድሞ የአባቱ ስም ይከተላል፤ በሊቃውንት መዝገብ ግን የወገኑ ስም ይቀድማል። የተቀራረቡ ወገኖች አንድ ቤተ ሰብ ይሆናሉ፤ የተቀራረቡ ቤተ ሰቦችም ተሰብስበው ከዚያ የሚሰፋ ክፍል ይሆናሉ፤ እንዲህ እያለ የትውልድ ሐረግ እንደሚቈጠር ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ስም የሚያወጣ ሰው መጠሪያ ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ እንስሳው የማን ዘመድ እንደ ሆነም ይመሰክራል።

ይህ ምስክርነት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ቀይ ቀበሮ ያስረዳናል። እኛ ቀበሮ ብለን እንጠራዋለን፤ ብዙ አውሮፓውያንም የስሜን ቀበሮ ይሉት ነበረ። ሩፔል በ1840 የጻፈለት ስም ግን የውሻና የተኵላ ወገን መሆኑን የሚናገር ነው። በ1994 የታተመ የዘር ምርመራም እንስሳው ከቀበሮዎች ይልቅ ለተኵላ የቀረበ መሆኑን አጸና። ይህ የሊቃውንት ክርክር ብቻ እንዳይመስለን። እንስሳው ለውሻ የቅርብ ዘመድ ስለ ሆነ ከመንደር ውሻ ጋር ሊዳቀል ይችላል፤ በባሌም እንዲህ ያሉ ዲቃሎች ታይተዋል። እንደ እብደት ያለው የውሻ በሽታም ይጋባበታል፤ በ1991 እና በ1992 ይኸው በሽታ በባሌ ተራሮች ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ዛሬ ለአካለ መጠን የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች ሁሉ ቢቈጠሩ 500 አይሞሉም፤ ከኢትዮጵያም ውጭ በሌላ አገር አይገኙም። ስለዚህ ይህን አውሬ ከጥፋት ለማዳን ከሚደረገው ሥራ ዋነኛው በዱር ሳይሆን በመንደር የሚደረግ ነው፤ ይኸውም የገበሬውን ውሾች መከተብ ነው። ዝምድናው ባይታወቅ ኖሮ ጥበቃውም ከየት እንደሚጀመር ባልታወቀ ነበረ።

አሁን ወደ ሥራው አካሄድ እንለፍ። አንድ ተመራማሪ የማያውቀውን እንስሳ ባገኘ ጊዜ አስቀድሞ የሚያደርገው ናሙናውን ከነአድራሻው መያዝ ነው። የት ተገኘ? መቼ? ከባሕር ወለል ምን ያህል ከፍ ባለ ቦታ? በዛፍ ላይ ነው ወይስ በውሃ ዳር? ይህ ሁሉ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ከናሙናው ጋር ይታሰራል። ወረቀቲቱ ብትጠፋ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ የተባለው የኢጣልያ መስፍን በ1892 እና በ1893 በደቡብ ኢትዮጵያ እየተዘዋወረ ወፎችን ይሰበስብ ነበረ። በ1893 መጨረሻ ላይ ዝሆን ገደለው። ከሰበሰባቸውም መካከል አካሏ አረንጓዴ፣ ጕትዬዋ ነጭ፣ በክንፏ ቀይ ላባ ያለባት አንዲት ውብ የቱራኮ ወፍ ነበረች፤ ሳልቫዶሪ የተባለው የወፎች ሊቅም በ1896 በሟቹ ስም ሰየማት። ነገር ግን ወፊቱ ከየትኛው ጫካ እንደ ተወሰደች የሚናገር ጽሑፍ አልተገኘም። ሊቃውንት በሕይወት ሳለች ዳግመኛ ያገኟት በ1940ዎቹ ዓመታት ነው። ጥቂት መስመር ባለመጻፉ ወፊቱ ስም ኖሯት አገር እንደሌላት ሆና ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ቈየች።

ሁለተኛው ሥራ ማነጻጸር ነው፤ ከሁሉ የሚበልጥ ትዕግሥት የሚጠይቀውም ይህ ነው። አንድ ሰው «ይህ አዲስ ነው» ለማለት አስቀድሞ የታወቁትን ዘመዶቹን ሁሉ ማወቅ አለበት። ወንድና ሴት፣ ግልገልና እናት በመልክ ስለሚለያዩ አንዱን ዝርያ ሁለት አድርጎ የጻፈ ሊቅ ብዙ ነው። ስለዚህ ተመራማሪው የራስ ቅል ይለካል፣ ጥርስ ይቈጥራል፣ የጠጕርንና የላባን ቀለም ያስተያያል። በአሮጌ መጻሕፍት የተጻፈውን ይመረምራል፤ በልዩ ልዩ አገር ቤተ መዘክሮች የተቀመጡትን ናሙናዎችም ያያል። በእኛ ዘመን ደግሞ ድምፅን መቅረጽና ዲኤንኤ የተባለውን የዘር ጽሑፍ መመርመር ተጨምሮበታል።

ሦስተኛው ሥራ መጻፍ ነው። ተመራማሪው እንስሳውን በዝርዝር ይገልጻል፤ ከዘመዶቹ በምን እንደሚለይ ያስረዳል፤ ስም ያወጣለታል፤ የስሙንም ትርጕም ይናገራል። በራስ ስም መሰየም እንደ ነውር ስለሚቈጠር ስሙ ከመልኩ፣ ከአገሩ፣ ወይም ሌላ ሰውን ከማክበር የተነሣ ይሆናል። ከናሙናዎቹም አንዱን መርጦ ዋና ምስክር አድርጎ በቤተ መዘክር ያኖራል። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚጠራጠር ሰው ቢነሣ ሄዶ ያንኑ ምስክር መጠየቅ ይችላል። ሁለት ሰዎች ለአንድ እንስሳ ሁለት ስም ቢያወጡ በጠቅላላው የሚጸናው ቀድሞ የታተመው ነው፤ በዚህ የሚነሣውን ክርክር እንዲዳኝ በ1895 የተቋቋመ ዓለም አቀፍ ጉባኤ አለ። ስሕተት ሲገኝ ይታረማል፤ መታረሙም እንደ ውርደት አይቈጠርም።

በኢትዮጵያ ይህ ሥራ ምን ያህል ዘግይቶ እንደ ነበረ ለማወቅ በዐሥር ሳንቲም ላይ የተቀረጸውን የደጋ አጋዘን ማስታወስ ይበቃል። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ የሚመዝን፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ ግዙፍ እንስሳ ነው። ይሁን እንጂ ሊዴከር የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በመዝገብ የጻፈው በ1910 ነው፤ ይኸውም በ1908 አንድ አዳኝ ቀንዱንና ቆዳውን ካመጣ በኋላ ነው። እንዲህ ያለው እንስሳ ይህን ያህል ዘመን ሳይጻፍ ከቈየ በወንዝ ዳር ሣር ውስጥ ስለምትኖር አይጥ ምን እንላለን?

የዛሬው ጽሑፋችን ዋና ነገር ይህቺው አይጥ ናት። በ1927 ዊልፍሬድ ኦዝጉድ የተባለው አሜሪካዊ የእንስሳት ሊቅ ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ በአገራችን ሲዘዋወር ወደ ጎጃም ወጣ። ከተጓዦቹም አንዱ በወፍ ሥዕል የታወቀው ፉዌርቴስ ነበረ። በዚያም፣ ምእመናን ግሽ ዓባይ እያሉ ጠበሉን ከሚሹበት ከግልገል ዓባይ ምንጭ አጠገብ፣ አንዲት እንግዳ አይጥ ተያዘች። ጠጕሯ ጥቅጥቅ ያለና ውሃ የማያስገባ ነበረ፤ የኋላ እግሮቿም ረጃጅም ነበሩ። በእርሻ ጎተራ የምናውቃት አይጥ አልነበረችም፤ ኑሮዋ በውሃ ዳር፣ ምግቧም በውሃ ውስጥ እንደ ሆነ አካሏ ይናገር ነበረ።

ኦዝጉድ ወደ ቺካጎ ቤተ መዘክር ተመልሶ ናሙናዋን ከሌሎች ጋር ካስተያየ በኋላ በ1928 ገለጻዋን አሳተመ። ከታወቁት ወገኖች በአንዱም ውስጥ ሊያገባት ስላልቻለ ለእርሷ ብቻ አዲስ ወገን አቆመ፤ «ኒሎፔጋሚስ» አላት። ይህም የዓባይ ምንጭ አይጥ ማለት ነው። ሁለተኛው ስሟ «ፕሉምቤዩስ» ይባላል፤ የእርሳስ ብረት የሚመስል መልኳን የሚያመለክት ነው። ከአገራችን እንስሳት እንዲህ ያለ ስም የተሰጠው ሌላ እንዳለ እንጃ! ከዓባይ ምንጭ ተነሥታ በዓለም መዝገብ ብቻዋን አንድ ወገን ሆነች።

ኦዝጉድ የያዘው ግን አንዲቱን ብቻ ነበረ። ከእርሷ በኋላ ሁለተኛ ተይዛ አልተመዘገበችም።

ይህቺ አንዲት ናሙና በቺካጎ በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጣ ብዙ ዘመን አሳለፈች። አንዳንድ ሊቃውንት ራሷን የቻለች ወገን መሆኗን ተጠራጠሩ፤ በመካከለኛው አፍሪካ ወንዞች ዳር ከምትኖረው «ኮሎሚስ» ከተባለችው አይጥ ጋር አንድ ናት ያሉም ነበሩ። በ2020 ግን የተመራማሪዎች ጓድ ከደረቀው ናሙና ጥቂት ቅንጣት ወስዶ የዘር ጽሑፏን አነበበ። ፍርዱም የኦዝጉድን ቃል የሚያጸና ሆነ፤ አይጢቱ የኮሎሚስ የቅርብ ዘመድ ናት፤ ነገር ግን ከእርሷ የተለየች ናት። በዚያው ጽሑፍ ሁለት የኮሎሚስ ዝርያዎች አዲስ ስም አገኙ፤ አንደኛው በኮንጎው ፓትሪስ ሉሙምባ ስም፣ ሁለተኛው በላይቤሪያው የወሎጊዚ ተራራ ስም ተሰየሙ። ከ93 ዓመት በፊት የተያዘች አንዲት አይጥ ለዘመዶቿ መለያ ምስክር ሆና ቀረበች ማለት ነው።

ደስታው ግን ሙሉ አይደለም። አይጢቱ በተያዘችበት አካባቢ የወንዙን ዳር ይሸፍን የነበረው ቍጥቋጦ በእርሻና በግጦሽ ምክንያት ተመናምኗል። ስለ እንስሳት መጥፋት የሚከታተሉ ሊቃውንትም ይህቺን አይጥ እጅግ ከተጨነቁት፣ ምናልባትም ጨርሰው ከጠፉት መካከል ጽፈዋታል። ምናልባት ዛሬም በአንድ ጕድባ ውስጥ፣ ሰው በማያያት ሰዓት ጕንጯን ውሃ ውስጥ አስገብታ ምግቧን ትፈልግ ይሆናል፤ ምናልባትም ያቺ በመሳቢያ ያለችው የመጨረሻ ትሆናለች።

አንዳንድ አንባቢ «እንግዲያው ከጠፋች ስሟ ምን ይረባል?» ሊለን ይችላል። እኛ ግን እንዲህ እናስባለን። ስሟ ባይጻፍ ኖሮ መጥፋቷንም የሚያውቅ አይኖርም ነበረ። ተገኝታ እንደ ሆነ ለማየት የሚሄድ፣ ያንንም የወንዝ ዳር ስለ እርሷ ሲል ይጠበቅ ብሎ የሚከራከር ሰው ምን ብሎ ይነሣል? ስማቸው ሳይጻፍ የጠፉ ፍጥረታት ስንት እንደ ሆኑ የሚቈጥርልን የለም። ስም ፍጥረቱን ከሞት አያድነውም፤ ነገር ግን ለፍጥረቱ የሚቆም ጠበቃ ሊይዘው የሚችለው የመጀመሪያው ሰነድ እርሱ ነው።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን ከቅርብ ጊዜ ሥራ እንጨምር። በ2018 ተመራማሪዎች በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደሚገኘው ወደ ቢቢታ ተራራ ወጡ። በዚያ ደን ውስጥ ቀጠን ያለች፣ ወርቃማ መልክ ያላት እንቍራሪት አገኙ፤ ወንዱ ከአፍንጫው እስከ ቂጡ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ሊቀመጥ ይችላል ማለት ነው። በ2019 በተራራው ስም ተሰየመች። በ2021 ደግሞ በደጋችን የሣር መስክ የሚኖሩ፣ እስከዚያ ድረስ ከዘመዶቻቸው ጋር ተቀላቅለው የነበሩ አራት የእንቍራሪት ዝርያዎች ተለይተው ተጻፉ፤ ከእነርሱ አንዱ ከባሌ ከሮቤ ከተማ ስሙን አግኝቷል። ተመራማሪዎቹ እነዚህን የለዩአቸው አካላቸውን በመለካት፣ ዘራቸውን በመመርመርና ድምፃቸውን በማድመጥ ነው። በክረምት ሌሊት ከመስኩ የሚሰማው የእንቍራሪት ጩኸት ለእኛ አንድ ነው፤ ለሚያደምጥ ሰው ግን እያንዳንዱ በራሱ ቋንቋ ይጮኻል።

ከዚህ ሁሉ ለቤታችን ምን እንወስዳለን? ሁላችንም ተመራማሪ ልንሆን አንችልም፤ ሆኖም ሦስት ነገር ከእጃችን አይርቅም።

አንደኛው፣ ልጆቻችን «ስሙ ማን ይባላል?» ሲሉን ከማሰናበት ይልቅ አብረናቸው ጐንበስ ብለን ማየት ነው። ስሙን ባናውቀው ነውር የለበትም። «እስቲ ንገረኝ፤ እግሩ ስንት ነው? የት አገኘኸው? ምን ሲበላ አየኸው?» እንበለው። ደብተር ያለው ልጅ ቀኑንና ቦታውን ጽፎ ሥዕሉን ይሣል። ሩስፖሊ ሳይተወን የሄደው ያንኑ ጥቂት መስመር ነው። በዚህም ልጁ ያልታወቀን ፍጥረት ከመግደል በፊት መመልከትን ይለምዳል።

ሁለተኛው፣ ሽማግሌዎቻችን የሚያውቋቸውን የአራዊት፣ የአእዋፍና የነፍሳት ስሞች መጠየቅና መጻፍ ነው። ዋሊያ በዓለም መዝገብ የገባው የስሜን ሰው ስሙን ጠብቆ ስላቈየ ነው። በየአውራጃው ገና ያልተጻፉ ስሞች ከአያቶቻችን ጋር ወደ መቃብር እየወረዱ ናቸው።

ሦስተኛው የሚከብደው ነው። በጎጃምና በጎንደር ደጋ ከመጥረቢያ የተረፈው አሮጌ ደን አብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለው ነው። አባቶቻችን ይህን ደን ያቈዩት ለቤተ ክርስቲያን ክብር ብለው ነው፤ ሳያውቁትም ስም ላልወጣላቸው ፍጥረታት መጠጊያ አቈይተዋል። ዛሬ ቅጥሩ እየጠበበ፣ ከብት እየገባበት ችግኙ የሚረገጥበት ቦታ አለ። ምንጭ ባለበትም ስፍራ ውሃውን ብቻ ጠብቀን ዳሩን ብናራቍት ምንጩን ግማሽ ጠበቅን ማለት ነው። የሰበካ ጉባኤ በሚሰበሰብበት ቀን ስለ ጣራው ቈርቈሮና ስለ ቅጥሩ ድንጋይ እንደምንነጋገር ሁሉ ስለ ዛፎቹና ስለ ምንጩ ዳር ሣርም ብንነጋገር የሚገባ ነው።

የዓባይ ምንጭ አይጥ ገና በሕይወት ካለች የምትገኘው በእንዲህ ያለ ዳር ነው። ምናልባት አንድ ቀን ውሃ ሊቀዳ የወረደ ልጅ መልኳ እርሳስ የሚመስል፣ እግሯ ረጅም የሆነች አይጥ ወደ ውሃው ስትገባ አይቶ ወደ ቤቱ እየሮጠ ይመጣ ይሆናል። ያን ጊዜ «አይጥ ናት» ብለን ባናሰናብተው፣ ቦታውን እንዲያሳየን ብንከተለው፣ የተባረከ ሥራ ሠራን እንላለን።